ጃዝ ተጫዋች በየዕለቱ የሚለማመደው ምንድን ነው?

በባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር በተደረደሩት ሆቴሎች ባንድ ሲጫወት፣ ሳክስፎኑ ወይም ኪቦርዱ ብቻውን ወጥቶ ዜማውን በራሱ መንገድ ማዟዟር ሲጀምር አድማጩ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል፦ «ሲፈጥረው ነው»፣ ወይም «የመጣለትን ነው የሚጫወተው»። ሁለቱ አባባሎች ቢለያዩም ልምምድን በመርሳት ይስማማሉ። መድረክ ላይ በቅጽበት የተፈጠረ የሚመስለው አብዛኛው ነገር ቤት ውስጥ በዝግታ፣ ጎረቤት እስኪያማርር ድረስ የተደጋገመ ነው።

ጃዝ መማር የጀመረ ወጣት ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ይገጥመዋል። ከኢንተርኔት የሚያገኛቸው የልምምድ ቪዲዮዎች «በአሥራ ሁለቱም መነሻ ተጫወት»፣ «ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ተከተል»፣ «በአምስት ቁጠር» ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ ግን እምብዛም አይነግሩትም። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ በዚያ «ለምን» ላይ ያተኩራል።

አስቀድሞ ጥቂት ቃላት። ድምፆቹን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ እያልን እንጠራቸዋለን። ዶ በኪቦርድ ላይ ከሁለቱ ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ያለው ነጭ ቁልፍ ነው። ከአንድ ቁልፍ ወደ ቅርብ ጎረቤቱ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ይባላል። ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ሻርፕ ማለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ማለት ነው። መነሻ ደግሞ ቅኝቱ ወይም ኮርዱ የሚጀምርበት ድምፅ ነው፤ ሰባቱ ነጭና አምስቱ ጥቁር ቁልፎች ሲደመሩ መነሻ ሊሆኑ የሚችሉት አሥራ ሁለት ናቸው።

በቅኝት መጫወትና በኮርድ መጫወት ምን ይለያቸዋል?

ቅኝት የአምስት ድምፆች ሥርዓት ነው። አዝማሪ ትዝታን ከጀመረ እስኪጨርስ ድረስ በእነዚያው አምስት ድምፆች ውስጥ ይቆያል። ግጥሙ ይለዋወጣል፣ ድምፁ ይርገበገባል፣ ማሲንቆው እየተከተለ ይመልስለታል፤ አምስቱ ድምፆችና ማረፊያቸው ግን አይለወጡም። የጨዋታው ሀብት ያለው በአጨዋወቱ ዝርዝር ውስጥ ነው።

ኮርድ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ሦስትና ከዚያ በላይ ድምፆች ናቸው። ኮርዶች እርስ በርስ የሚከታተሉበት ሥርዓት ሃርመኒ ይባላል። በጃዝ ኮርዱ በየአራት ምቱ፣ አንዳንዴም በየሁለት ምቱ ይቀየራል። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ አሁን ጣፋጭ የነበረ ድምፅ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ሊጎረብጥ ይችላል። ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ በሚል ኮርድ ላይ ዶን መያዝ ያምራል። ኮርዱ ወደ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ሲቀየር ያው ዶ ከሲ ጋር በግማሽ ድምፅ ርቀት ይጋጫል። ተጫዋቹ መቼ እንደሚቀየር፣ የትኛውን ድምፅ ትቶ የትኛውን እንደሚይዝ ከመድረሱ በፊት ማወቅ አለበት። እዚያው ቆሞ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ጣቶቹ አስቀድመው መልመድ አለባቸው።

የአሥራ ሁለቱ መነሻ ጉዳይም ከዚሁ ይመጣል። በባህል መሣሪያዎቻችን ይህ ጥያቄ የሚፈታበት መንገድ ሌላ ነው። ክራር ደርዳሪ ቅኝት ሲለውጥ ጅማቱን ወይም ክሩን እንደገና ይቃኛል፤ ዋሽንት ነፊ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች ይዞ ዘፋኙ የሚፈልገውን ያነሣል። በሳክስፎን ወይም በኪቦርድ ግን መሣሪያው ያው አንድ ነው፤ የሚለወጡት ጣቶች ናቸው። ኪቦርድ ላይ ድምፁን በሙሉ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ መኖሩን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ብዙ ተጫዋችም ዕድሜውን በሙሉ በአንድ መነሻ እየተጫወተ በዚያ ቁልፍ ይኖራል። ለዘፈን ማጀቢያ ይበቃ ይሆናል። ለጃዝ አይበቃም፤ ምክንያቱም በአንድ ዜማ ውስጥ መነሻው ራሱ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊቀየር ይችላል፣ ቁልፉን በየመሃሉ መጫን ደግሞ አይቻልም።

«ሁለት አምስት አንድ» የሚባለው ምንድን ነው?

በጃዝ ዜማዎች ውስጥ በብዛት የሚደጋገም የሦስት ኮርዶች ሰንሰለት ነው። ከዶ ተነሥተን ሰባቱን ድምፆች ስንቆጥር ሁለተኛው ሬ፣ አምስተኛው ሶል ነው። በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ እየዘለልን አራት ድምፅ ብንደረድር ሬ ማይነር ሰባት (ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ)፣ ሶል ሰባት (ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ) እና ዶ ሜጀር ሰባት (ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ) ይወጣሉ። የኮርዱ ሁለተኛ ድምፅ ከመነሻው አራት ግማሽ ድምፅ ሲርቅ ሜጀር፣ ሦስት ሲርቅ ማይነር ይባላል። የመጀመሪያው ያዘጋጃል፣ ሁለተኛው ያስጨንቃል፣ ሦስተኛው ያሳርፋል።

አራቱ የኮርድ ድምፆች የሚጠሩት የተዘለሉትንም ከመነሻው ጀምሮ በመቁጠር ነው፦ መነሻ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ፣ ሰባተኛ። እኩል ዋጋ ግን የላቸውም። መነሻውን ቤዝ ጊታሩ ይይዘዋል፤ አምስተኛው የኮርዱን ጠባይ ያን ያህል አይለውጥም። ኮርዱ ሜጀር ነው ወይስ ማይነር፣ አርፏል ወይስ ወደ ሌላ ሊሄድ ይፈልጋል የሚለውን የሚናገሩት ሦስተኛውና ሰባተኛው ድምፆች ናቸው። በሬ ማይነር ሰባት እነዚህ ፋ እና ዶ ናቸው። ወደ ሶል ሰባት ሲሻገሩ ፋ ባለበት ይቆያል፣ ዶ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሲ ይሆናል። ወደ ዶ ሜጀር ሰባት ሲሻገሩ ሲ ይቆያል፣ ፋ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሚ ይሆናል። ጣና ላይ ከታንኳ ወደ ታንኳ የሚሻገር ሰው ሁለቱንም እግሮቹን በአንድ ጊዜ አያነሣም፤ አንዱን ተክሎ ሌላውን ያሳልፋል። ኮርዶቹም የሚሻገሩት እንዲሁ ነው፤ አድማጩ ለውጡን ሳይደናገጥ የሚከተለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው የዕለት ልምምድ በዚህ ላይ ይሠራል። ግራ እጅ መነሻውን ብቻ ይመታል፣ ቀኝ እጅ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ብቻ ይይዛል። መጨረሻ ላይ ጣቶቹ ሚ እና ሲ ላይ ናቸው። አሁን ሁለቱንም ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጓቸው፤ ሚ ፍላትና ሲ ፍላት ይሆናሉ። እነዚህ ደግሞ የዶ ማይነር ሰባት ሦስተኛና ሰባተኛ ናቸው። ሌላ ሁለት አምስት አንድ ተጀመረ ማለት ነው፤ ይኸኛው የሚያርፈው ሲ ፍላት ላይ ነው። በዚሁ መንገድ ሲወርዱ ማረፊያዎቹ ዶ፣ ሲ ፍላት፣ ላ ፍላት፣ ሶል ፍላት፣ ሚ፣ ሬ ይሆኑና እንደገና ዶ ላይ ይደርሳሉ። ስድስት ናቸው። የቀሩትን ስድስት ለማግኘት ከሬ ፍላት ተነሥቶ ያንኑ መድገም ነው። በሁለት ዙር አሥራ ሁለቱም መነሻዎች ተሸፈኑ፤ እጁም ከመካከል ብዙ አልራቀም።

ሲለምድ ጣት ብቻ እንዳይለምድ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ግራ እጅ መነሻውን ሲመታ ሦስተኛውን በአፍ ማዜም፣ ከዚያ በኪቦርዱ ማረጋገጥ ከማንኛውም የጣት ሩጫ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አፍ ሊያወጣው ያልቻለውን ድምፅ ጆሮ አላወቀውም።

ቅኝት ለጃዝ ልምምድ ይጠቅማል?

በጣም። ያውም ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ትዝታ ማይነር ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እነዚህኑ አምስት ድምፆች ከሶል ጀምረው ቢደረድሯቸው አምባሰል ይሆናሉ። እንዲሁም ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ያንኑ ከላ ሲጀምሩት ባቲ ማይነር ይሆናል። ድምፆቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ማረፊያው ነው።

ከዚህ የሚወጣው ልምምድ ቀላል ነው፤ ስለ ሃርመኒ ግን ከአንድ ምዕራፍ ንባብ የበለጠ ያስተምራል። ግራ እጅ ዝቅ ያለ ዶን ይዞ ይቆይ፤ ቀኝ እጅ በትዝታ ማይነር እንደ ፈለገ ይጫወት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቀኝ እጁ ምንም ሳይለውጥ ግራ እጅ ወደ ሶል ይሂድ። ያው ዜማ በድንገት ሌላ ስሜት ይይዛል፤ ትዝታው አምባሰል ይሆናል። ከላይ ያለው ሳይነካ ከሥር ያለው ሲቀየር የዜማው ትርጉም መለወጡ፣ ሃርመኒ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። በቅኝት ያደገ ጆሮ ይህን ልዩነት ወዲያው ይለየዋል፤ ሌላው ዓለም ግን በብዙ ድካም ይማረዋል።

ሁለተኛው ልምምድ ትዝታ ሜጀርን በሁለት አምስት አንድ ላይ ማንቀሳቀስ ነው። በሬ ማይነር ሰባት ላይ ከዶ የተነሣውን ትዝታ ይጫወቱ። በሶል ሰባት ላይ ያንኑ ቅኝት ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገው ከሬ ፍላት ያንሡት፦ ሬ ፍላት፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ሲ ፍላት። በዶ ሜጀር ሰባት ላይ እንደገና ግማሽ ድምፅ ከፍ ብለው ከሬ ያንሡት፦ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ። አንድ ቅኝት፣ ሦስት መነሻ፣ በየደረጃው ግማሽ ድምፅ።

መካከለኛው ለጆሮ እንግዳ ይሆናል፤ መሆንም አለበት። ከአምስቱ ድምፆች ሶል ሰባት የሚያውቀው ፋን ብቻ ነው፤ የቀሩት አራቱ ከውጭ የመጡ ናቸው። ውጥረቱ ከዚያ ይመጣል፤ ሦስተኛው ኮርድ ላይ ሲደርስ የሚሰማው እፎይታም የዚያ ውጥረት ውጤት ነው። «ታዲያ ዘፈኑ ትዝታ አይመስልም?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አይመስልም፤ ከሥር ያለው መነሻ የትዝታው ማረፊያ ስላልሆነ ጆሮ ትዝታ ብሎ አይቀበለውም።

የቅኝቱ ጠባይ ሳይጠፋ ኮርድ ማስገባትስ?

ይህ ሌላ መንገድ ነው፤ የኢትዮ ጃዝ ዋና ጥያቄም ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተኑ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በበርክሊ ከተማረ በኋላ የሠራው ሥራ በአጭሩ ሲነገር አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት አሥራ ሁለት ድምፅ ካለው የጃዝ ሃርመኒ ጋር ማጋባት ነው። አስቸጋሪነቱ ግልጽ ነው። ትዝታ ማይነር ከዶ ሲነሣ በውስጡ ፋም ሲ ፍላትም የለም። በእነዚህ የተሞላ ኮርድ ከሥሩ ካስገቡ ዜማው ተራ ማይነር ይሆናል፤ ቅኝቱ ይሟሟል።

አንዱ መፍትሔ ኮርዱን ከራሱ ከቅኝቱ ድምፆች መሥራት ነው። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ይዘው አምስቱንም በአንድ ጊዜ ቢመቱ ጃዝ ተጫዋቾች ዶ ስድስት ዘጠኝ የሚሉት ለስላሳ ኮርድ ይወጣል። የትዝታ ማይነርን አምስት ድምፆች ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ሬ ብለው ቢደረድሯቸው ደግሞ ላ ፍላት ሜጀር ሰባት ከሻርፕ አሥራ አንድ (ከሬ) ጋር ይሆናል፤ በዘመናዊ ጃዝ የሚወደድ ኮርድ ነው። አንቺሆዬ ከሁሉም ይከብዳል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ በውስጡ ፋ ሜጀርን (ፋ፣ ላ፣ ዶ) ይይዛል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ከዶና ከፋ በግማሽ ድምፅ ርቀት ላይ ተጣብቀው ይቆነጥጣሉ። በየቀኑ አንድ ቅኝት መርጦ ከአምስቱ ድምፆች ሦስት ሦስት እያነሡ ምን ያህል ኮርድ እንደሚወጣ መፈለግ ጥሩ ልምምድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የኪቦርድ ቁልፎች እኩል ርቀት እንዲኖራቸው ተደርገው የተቃኙ ናቸው፤ የማሲንቆና የክራር ቃኝ ግን በጆሮው ይቃኛል፣ ድምፆቹም ሁልጊዜ ከቁልፎቹ ጋር አይገጥሙም። ከላይ የተጻፉት የድምፅ ስሞች ለቅኝቱ የቀረቡ ናቸው እንጂ ቅኝቱን ራሱን አይተኩትም።

ያልተለመዱ ምቶች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

«ያልተለመደ» የሚለው ቃል ለማን ነው የሚለው ያከራክራል። አብዛኛው የዓለም ተወዳጅ ሙዚቃ በአራት ይቆጠራል። እኛ ዘንድ ሰው የሚያጨበጭብለትና ትከሻውን የሚሰብቅለት ችክችካ ግን ስድስት ፈጣን ምቶች አሉት። ስድስት ለሁለት መንገድ ይመቻል፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ጊዜ ሁለት። እግርዎ በ1ኛውና በ4ኛው ይምታ፤ እጅዎ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ5ኛው ያጨብጭብ። ሁለት በሦስት ላይ ማለት ይህ ነው። በሌላ አገር ብዙ የጃዝ ተማሪ ለሳምንታት የሚታገልበትን እዚህ አንድ ሰርግ የጠገበ ሰው ሳያስተውለው ይሠራዋል። አስተውሎ መሥራት ግን ሌላ ነው፤ ስለዚህ በየደቂቃው የእጅና የእግሩን ሥራ ማለዋወጥ ተገቢ ነው። መብራት ጠፍቶ ኪቦርዱ በሚዘጋበት ሰዓት የሚሠራ ልምምድም ነው።

አምስትና ሰባት ግን ለእኛም ለአብዛኞቻችን እንግዳ ናቸው። ምስጢራቸው እስከ አምስት ወይም እስከ ሰባት አለመቁጠር ነው፤ ሁለትና ሦስት እያደረጉ መከፋፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የአሜሪካዊው ፒያኒስት የዴቭ ብሩቤክ ኳርቴት (የአራት ሰው ባንድ) ያሳተመው ዝነኛው ባለ አምስት ምት ዜማ፣ ሳክስፎኒስቱ ፖል ዴዝመንድ የደረሰው «ቴክ ፋይቭ»፣ የሚከፋፈለው ሦስትና ሁለት ተብሎ ነው። በዚያው አልበም ውስጥ ብሩቤክ ከቱርክ የመንገድ ሙዚቀኞች ሰምቶ ያመጣው ባለ ዘጠኝ ምት ደግሞ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት ነው።

ለመቁጠሪያ ቁጥር አያስፈልግም። «ጣና» ሁለት ምት፣ «ከበሮ» ሦስት ምት ይሁኑ፤ እያንዳንዱ ፊደል እኩል ርዝመት ይያዝ። አምስት «ከበሮ ጣና» ነው። ሰባት «ጣና ጣና ከበሮ» ነው። የብሩቤክ ዘጠኝ «ጣና ጣና ጣና ከበሮ» ይሆናል። በየቃሉ መጀመሪያ ላይ ብቻ እያጨበጨቡ ይበሉት። ሲለምድ ቃሉን በልብ አድርገው ጭብጨባውን ብቻ ያስቀሩ፤ ቀጥሎ ጭብጨባውንም ትተው በአንድ ድምፅ ላይ ይጫወቱት። ዘጌ ድረስ በእግር የሚሄድ ሰው ይህን ሲል ቢውል መንገዱ ያጥርለታል።

ቅኝቱና ምቱ በአንድ ላይ የሚሠሩበት ልምምድ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የትዝታን አምስት ድምፆች ወደ ላይ እየወጡ፣ በችክችካው ስድስት ምት ላይ በእያንዳንዱ ምት አንድ ድምፅ እያደረጉ ያለማቋረጥ ይደጋግሙ። አምስቱ ለስድስቱ አንድ ያንሳሉ። ስለዚህ ዶ መጀመሪያ በ1ኛው ምት ላይ ትወድቃለች፤ ቀጥላ በ6ኛው፣ ከዚያ በ5ኛው፣ በ4ኛው፣ በ3ኛው፣ በ2ኛው። ከሠላሳ ምት በኋላ እንደገና 1ኛው ላይ ትመለሳለች። እግር በ1ኛውና በ4ኛው ላይ ሳይነቃነቅ እጅ ይህን ሁሉ ዙር ከጨረሰ ትልቅ ነገር ተሠርቷል። ከፈረሰ የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ ዶ 4ኛው ላይ ስትደርስ ነው፤ እግር ስለሚመታ ጆሮ መጀመሪያው መስሎት ይታለላል።

ሜትሮኖሙ ለምንድን ነው?

ሜትሮኖም እኩል ጊዜ እየጠበቀ «ቅ» የሚል መሣሪያ ነው፤ በስልክ ላይ በነፃ ይገኛል። ብዙ ሰው በየምቱ እንዲመታለት ያደርገዋል። ጃዝ ተጫዋች ግን ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ በ2ኛውና በ4ኛው ምት ላይ ብቻ እንዲመታ አድርጎ ይሰማዋል። በጃዝ ሁለቱ የከበሮ ጸናጽሎች በእግር የሚጋጩት በእነዚህ ምቶች ላይ ነው፤ የሙዚቃው ዘንበል ማለትም ከዚያ ይመጣል። በችክችካ ያደገ ሰው ክብደቱን መጀመሪያው ምት ላይ መጣል ስለሚቀናው ይህ ልምምድ ለእኛ በተለይ አስፈላጊ ነው። 1ኛውን ማንም አይነግረውም፤ ራሱ መያዝ አለበት።

ኪቦርዱ ላይ ያለውን የተቀናበረ ማጀቢያ ግን በልምምድ ሰዓት ያጥፉት። ከበሮውንም ቤዙንም እሱ ከሠራልዎ የእርስዎ ጊዜ መንገዳገዱ አይሰማም።

በቀን ምን ያህል ይበቃል?

አርባ ደቂቃ በየቀኑ ከሳምንቱ መጨረሻ አምስት ሰዓት ይሻላል። ሃያ ደቂቃ ብቻ ካለ ግማሹን ለሦስተኛና ሰባተኛው ሰንሰለት፣ ግማሹን ለሠላሳው ምት ይስጡ፤ ሌላው ይቆይ። ፍጥነቱ ከተገቢው በላይ ዝግ ይበል፤ በደቂቃ 60 ምት ለመጀመር አይበዛም አያንስም። በዝግታ መጀመር ለጣና አካባቢ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ዜማ በአቋቋም ሥርዓት አንዱ ቃል በቁም ዜማ ተብሎ፣ በዝማሜና በመረግድ አልፎ ነው በጽፋት የሚፈጥነው።

በሳምንት አንድ ቀን የተጫወቱትን በስልክ ይቅረጹና በማግስቱ ያዳምጡ፤ በዚያው ዕለት ጆሮ ለራሱ ያደላል። ሲያዳምጡ የተሳሳተ ድምፅ አይፈልጉ። ኮርዱ በሚቀየርበት ምት ላይ ምን እንደ ተደረገ ብቻ ይመልከቱ፦ ድምፁ ከኮርዱ ጋር አብሮ ተሻገረ ወይስ ዘግይቶ ደረሰ? የዘገየበትን መነሻ በወረቀት ጽፈው የሚቀጥለውን ሳምንት ሰንሰለት ከእሱ ይጀምሩ።